የአስራ ሁለተኛ ቢ ግለ ሂስ

አሰበ ተፈሪ
ዓርብ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1983 ዓ.ም.

ውድ አምባው፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላልተማርኩ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ። ድሮ «ጓድ ዳይሬክተር» እያልኩ፣ «እርስዎ» እያልኩ፣ ስትገባ ከወንበሬ ብድግ እያልኩ አራት ዓመት አብሬህ ሠርቻለሁ። ዛሬ አንተ ነው የምልህ። ቅር ካለህ እዚሁ ላይ አጥፈህ ጣለው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ። የጫት መኪና ሾፌር ከናዝሬት ይዞት መጥቶ በሬን አንኳኩቶ ሰጠኝ። ከዚህ ከተማ ከወጣህ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን ደህና ነህ ወይ ብለኸኝ አታውቅም፤ ሚስቴን እቴነሽን በስሟ ጠርተህ ሰላም ስላልካት መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን አንጀቴ አረረ። አጣሪ ኮሚቴ ፊት ልትቀርብ ነው፤ በሠራህበት አገር ስለ ጠባይህ የሚመሰክርልህ ሰው አምጣ ተብለሃል፤ አንተም እኔን መረጥክ። የምጽፈውንም ራስህ መርጠህልኛል። «ያቺን የአስራ ሁለተኛ ቢን ቀልድ ጻፍልኝ፤ ሁላችንም ስቀን ያለፍናትን። ከተማሪዎች ጋር እንደ ወንድም የምስቅ ሰው እንደነበርኩ ካንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም» ትላለህ።

ስቀን ያለፍናትን! ዓይንህን በጨው ታጥበህ እንዴት ጻፍካት? ይህችን አንድ መስመር ሃያ ጊዜ ሳላነባት አልቀረሁም። እንዳልረግምህ እምነቴ ይዞኛል፤ ዝም ብዬ እንድተውህ ደግሞ ሆዴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ቀልዷን እጽፍልሃለሁ፤ እንዳዘዝከኝ ከመጀመሪያዋ። አንተ ያቆምክባት ቦታ ላይ ግን አላቆምም።

የ1973 መጋቢት ነው። በዚያ ዓመት በየክፍሉ በር ላይ ያስለጠፍከውን ወረቀት ታስታውሳለህ? እኔ ቃል በቃል እወጣዋለሁ። «ግለ ሂስ ለማድረግ የተነሳ ማንኛውም ጓድ እስኪጨርስ ድረስ አይቋረጥም። ሂሱ ጥልቀት ከሌለው እንደቆመ ይቆያል።» ከሥሩ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ላይ ፊርማህ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተማሪውን ሰብስበህ በየተራ ታስነሳው ነበር። ልጁ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል፣ አንተ ጥግ ላይ እግርህን አነባብረህ ትሰማለህ፣ ከዚያ «ጥልቀት የለውም ጓድ» ትላለህ። ልጁ እንደቆመ ይቀራል። ያልሠራውንም ጨምሮ እስኪናገር፣ አንዳንዱም እስኪያለቅስ ድረስ አይቀመጥም ነበር። እኛ መምህራኑ ግድግዳውን ተደግፈን እናያለን።

ጣሂራን ደግሞ አላስታውሳትም እንዳትለኝ። የኩብራ ልጅ። እናቷ ባሏ የሞተባት፣ ገበያው መግቢያ ላይ ጫት የምትሸጥ። ልጅቱ አፏ ምላጭ ነው፤ ጭንቅላቷ ደግሞ ከአፏ ይብሳል። እኔ የክፍሉ ኃላፊ ስለነበርኩ ውጤቱ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ በዚያ ዓመት ማትሪክ ታልፋለች ብዬ ጭንቅላቴን ለመያዣ የምሰጥላት አንዲት ልጅ ብትኖር እሷ ነበረች። ሐኪም መሆን ነበር ሐሳቧ። በዚህ ነገር ቀልዳ አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የጂኦግራፊ ቴስት ይዤ ገባሁ። ወረቀቱን ማደል ከመጀመሬ ጣሂራ ተነሳች። ፊቷ ላይ አንድ የሳቅ ምልክት የለም።

«ቲቸር፣ ከቴስቱ በፊት ግለ ሂስ አለኝ» አለችኝ።

በኋላ ታደርጊያለሽ አልኳት። በጣቷ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ። ስድሳ ልጅ አብሮ ወደ በሩ ዞረ። ምን ላድርግ? ወረቀቱ ያንተ ነው፣ ማኅተሙ የትምህርት ቤቱ ነው። ቴስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መስኮቱ ጋ ሄጄ ተደገፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ስለ ነፋስና ዝናብ ሳስተምር ገብቷችኋል ወይ ብዬ ስጠይቅ «ገብቶናል» ብላ ከሁሉ በላይ እንደጮኸች፣ እውነቱ ግን አንድም ነገር እንዳልገባት፣ ይህም መምህሩን ያሳሳተ ከባድ ጥፋት እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞራ ጥልቀት አለው ወይ ብላ ጠየቀች። አለው ተባለች። ተቀመጠች፤ በተቀመጠችበት ሆና ደግሞ ሰብሳቢ ሆነች።

ቀጥሎ መስዑድ ተነሳ። የሸራ ጫማውን ለማንጣት ከመስከረም ጀምሮ የመንግሥት ጠመኔ እንደሚሰርቅ ተናዘዘ፤ ጫማውንም አውልቆ ለማስረጃ አሳየ። «ታኢ» አለችው ጣሂራ፤ ተቀመጥ ማለቷ ነው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አንዱ የዓርብ ስብሰባ ላይ ስለ ምርት ሲወራ እሱ ስለ ምሳው ያስብ እንደነበር አመነ። ጣሂራ ምሳው ምን እንደነበር ጠየቀችው። ሹሮ ነበር አላት። ጥልቀት የለውም ብላ አቆመችው። ታጁዲን ራሱን ትቶ በቤተሰቡ ፍየል ስም ግለ ሂስ አደረገ፤ ፍየሏ የግድግዳ ጋዜጣው የተለጠፈበት የዱቄት ሙጫ ጥሟት አንዱን ጽሑፍ ከርዕሱ እስከ ፊርማው እንደበላችው፣ በበላችውም እንዳልተጸጸተች ተናገረ። ፍየሏ ራሷ ትቅረብ ተባለ። ጽሑፉ ያንተ እንደነበር ከእኔና በኋላ ከሰማኸው ካንተ በስተቀር ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ረስቼ አንዲት ነገር ብቻ ብይዝ የምይዛት ሎሚን ነው። ከመሰላ ገጠር የመጣችው፣ ከኋላ ጥግ የምትቀመጠው፣ አማርኛዋ ስለሚሰበር ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ። እሷ ተነሳች። ክፍሉ በሳቅ እየታመሰ ነበርና ቀስ እያለ ጸጥ አለ። ሎሚ በኦሮምኛ ተናገረች። ጥያቄ ስጠይቅ መልሱን ብዙ ጊዜ ታውቀው እንደነበር፣ ይስቁብኛል ብላ አንድ ቀን እጇን አውጥታ እንደማታውቅ፣ ጥፋቷ ይኸው እንደሆነ ተናገረች። ጣሂራ ላልገባቸው ልጆች ወደ አማርኛ መለሰችው። ከዚያ ቀልዱን ትታ ሎሚን ዓይን ዓይኗን እያየች «ታኢ ሎሚ» አለቻት። ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ልቤ የቀለጠው። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬ ያላመጣሁትን ልጆቹ በተንኮል አመጡት።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸርስ?» አለች ጣሂራ። እኔም ካደረግን አይቀር ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩና ቴስቱን ከአምናው ላይ ቀኑን ብቻ ቀይሬ እንደገለበጥኩት ተናዘዝኩ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጣሂራ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ጥልቀት የለውም ቲቸር» አለችኝ።

ደወሉ እስኪደወል በራሴ ክፍል ውስጥ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሜ ቀረሁ። ቴስቱ ሳይሰጥ ቀረ። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባሁ። አንተ ሻይህን ይዘህ ተቀምጠሃል፣ ሞገስ የሒሳቡ መምህር አጠገብህ ነው። እኔ ደግሞ ወሬው ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኛል። ቆሜ ተረኩላችሁ። የጣሂራን ድምፅ አስመሰልኩ፣ እንደ መስዑድ ጫማዬን አውልቄ አሳየሁ፣ ፍየሏንም ሆንኩ። ሞገስ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ጉልበትህን መታህ፣ ሻይህ ሱሪህ ላይ ፈሰሰ። ይህን አልክድብህም። ሳቅህ የእውነት ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ብትቆጣ ኖሮ እጠነቀቅ ነበር። ዓይንህን በመሐረብ እየጠረግክ፣ ገና ሳቁ ከፊትህ ሳይጠፋ፣ «ለመሆኑ ስብሰባውን የመራው ማን ነው?» አልከኝ።

«ጣሂራ ናታ! ከሷ ሌላ ማን ይደፍራል?» አልኩህ።

በኩራት ነው ያልኩህ። ልጄን እንደማሳይህ። አንተ መሐረብህን አጥፈህ ኪስህ ከተትክ፣ ወጣህ።

ዓርብ ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች መጥተው ጣሂራን ከክፍል አወጧት። በአብዮታዊ ሂስ ላይ ማላገጥ ተባለ። የፍየሏን ነገር ያመጣው ታጁዲን ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጠው፤ እሷ ግን መሪ ናት። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ እንደተወች ሄደች፤ ትመለሳለች ብዬ ለሦስት ሳምንት ሳላነሳው ቆየሁ። እሑድ እናቷ ኩብራ ቤቴ መጥታ ስለ ልጇ እንድናገርላት ለመነችኝ። እሞክራለሁ አልኳት።

ሰኞ ጠርተኸኝ ቃለ ጉባኤውን ፊቴ ላይ ዘረጋህ። ስብሰባውን ያነሳሳችው ጣሂራ መሆኗን የክፍሉ ኃላፊ አረጋግጧል ይላል። ቀልድ ነበር ጓድ ዳይሬክተር፣ እርስዎም ስቀዋል አልኩህ። አንተ አልተቆጣህም። እንዲያውም ወንበር ሳብክልኝ።

«እሑድ ማታ የምትጸልዩበትን ቤት አውቀዋለሁ ደገፋ። እኔ ግን አላየሁም» አልከኝ። እስክሪብቶውንም ከፍተህ ሰጠኸኝ።

ያኔ ጴንጤ ሆኖ መሰብሰብ ምን እንደሚያስከትል አንተም እኔም እናውቃለን። እቴነሽ እርጉዝ ነበረች። ፈረምኩ። ጣሂራ ሁለት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ታሰረች፤ ማትሪኩ ሲሰጥ ቀበሌው ውስጥ ነበረች፤ ከእስር ቤቷ እስከ ፈተናው አዳራሽ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሰኔ ላይ ተፈትታ ለሚቀጥለው ዓመት ልመዝገብ ብላ መጣች። ፋይሏ ላይ የትም እንዳትመዘገብ የሚል ጽፈህበት ስለነበር ጸሐፊዋ መለሰቻት። እኔ በመስኮት አየኋት፤ አልወጣሁም። ከዚያ እናትና ልጅ ዕቃቸውን ጭነው ሚኤሶ ወረዱ።

ስቀን ያለፍናት ያልካት ይህች ናት። አንተ ስቀህ አለፍክ። ወደ አውራጃ አደግክ፣ መኪና ተሰጠህ። ያለፈው አንተ ነህ እንጂ እሷማ እዚያው ቀረች።

ማክሰኞ ማታ ይህን ሁሉ ለእቴነሽ እየጮህኩ ስነግራት፣ አንተን በሌለህበት ስሞልጭህ፣ እሷ ደብዳቤህን አጣጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፤

«አንተስ ለተማሪዎችህ ስታወራት መጨረሻዋን ትነግራቸዋለህ?»

አልነግራቸውም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ለአዲሶቹ ልጆች የማወራት ጨዋታ ናት። ፍርሃታቸው እንዲለቃቸው፣ እንዲወዱኝ። መስዑድ ጫማውን ያወልቃል፣ ፍየሏ ጋዜጣ ትበላለች፣ እኔ ቆሜ እቀራለሁ፣ ደወሉ ይደወላል። እዚያ ላይ አቆማለሁ፣ ልጆቹ ይስቃሉ። አሥር ዓመት እንደዚያ አውርቻታለሁ። አንተ ከእኔ አልተማርካትም፣ እኔም ካንተ አልተማርኳትም፤ ሁለታችንም አንድ ቦታ ላይ ነው የምንቆርጣት። ይህን ሳስብ ካንተ ይልቅ ራሴን ጠላሁ፤ አንተንም ግን አልተውኩህም።

ትናንት ሐሙስ ሚኤሶ ወረድኩ። ጣሂራ የት እንዳለች ድሮም አውቃለሁ። ወደ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር አውቶቡሱ ሚኤሶ ሲደርስ እንዳታየኝ ከእሷ ወዲያ ማዶ ባለው መስኮት በኩል ነው የምቀመጠው። ትናንት ወረድኩ። የጭነት መኪናዎቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ሸራ ወጥራ ጫትና ለስላሳ ትሸጣለች። ሰውነቷ ሞላ ብሏል፤ አፏ ግን ያው ነው፤ ስደርስ አንዱን ሾፌር ልክ ልኩን ስታጠጣው ሰማሁ። ከኋላዋ ጥላው ውስጥ ኩብራ ተቀምጣለች፣ አርጅታለች። ሁለቱም አዩኝ። ሁለቱም አልተነሱም።

«ቲቸር» አለች ጣሂራ። ደህና ነዎት አላለችኝም፣ ተቀመጡም አላለችኝም።

ፀሐዩ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩ። ስሟን ለዳይሬክተሩ የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረምኩትም እኔ እንደሆንኩ፣ ለምን እንደፈረምኩ። እሷ ጫቱ እንዳይጠወልግ ጆንያው ላይ ውኃ ትረጭ ነበር። አላቋረጠችኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

ጨርሻለሁ አልኳት።

«ጥልቀት የለውም ቲቸር።»

አልሳቀችም። አላለቀሰችም። ወደ ደንበኛዋ ዞረች። ኩብራ ግን ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም፤ ፊቴንም አይደለም የምታየው፣ እጄን ነበር።

ወደ አሰበ ተፈሪ ስመለስ በጣም ተናድጄ ነበር። ምን ቀረ? ምን ጨምሬ ልበል? ወይስ ያልሠራሁትን ልናዘዝላት? ይህን እያብሰለሰልኩ ዳገቱን ስንወጣ አንዲት ሴትዮ ተሳፍራ አጠገቤ ተቀመጠች። እቅፏ ውስጥ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ይዛለች፤ እንደ ሕፃን ነው ያቀፈችው። የልጇን ነገር ሽማግሌ ለመለመን እየሄደች መሆኗን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ጫቱን አየሁት። ኩብራ እጄን ለምን እንደምታየው ገባኝ።

ከላይ ኩብራ መጣች፣ እሞክራለሁ አልኳት ብዬ በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፌልሃለሁ። ተመልሰህ እየው። እንደሱ አልነበረም።

ያን እሑድ ኩብራ የመጣችው ባዶ እጇን አይደለም። ከሸጠችው ሁሉ ምርጡን፣ ለጋውን፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ነው። ደጄ ላይ ቆማ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። አንተ የሌላ አገር ሰው ነህና ላታውቅ ትችላለህ። ለጉዳይ የመጣ ጫት እዚህ አገር ለመቃም አይደለም። የተቀበለ ሰው ነገሩን ተቀበለ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ የሱ ልጅ ናት፣ እምቢ ቢባልም ሦስቴ አራቴ ተመላልሶ ይለምናል፣ ካልሆነም ሰው ሰብስቦ ይሄዳል። የተቀበለውን ጉዳይ የተወ ሰው ደግሞ ገበያ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። የማይቅመውም ይቀበላል። ተቀብሎ ለጎረቤት ይሰጠዋል እንጂ አይመልሰውም።

እኔ እዚሁ ቦርደዴ የተወለድኩ ሰው ነኝ። አባቴ በሕይወቱ አንድ ቅጠል ሳይቅም ስንቱን ጫት ተቀብሎ ስንቱን ሰው ሲያስታርቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። የኩብራን እጅ አየሁ፣ ጫቱን አየሁ፣ ከተቀበልኩ አንተ ፊት ቆሜ መከራከር ሊኖርብኝ እንደሆነ አሰብኩ። ከዚያ ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ፣

«እናቴ ኩብራ፣ እኔ እኮ ጫት አልቅምም። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» አልኳት።

እሷ ለመቃም እንዳላመጣችው አልነገረችኝም። እንደማውቅ ታውቃለች። ቅጠሉን መልሳ ሸፈነችው፣ «እሺ ልጄ» አለች፣ ሄደች። እሞክራለሁ ያልኳት ጀርባዋን ካዞረች በኋላ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰኞ ፈረምኩ እንጂ ልጅቱን የተውኳት እሑድ ነው፤ አንተ ገና ሳታስፈራራኝ። የማመልከውን ጌታ ከፊቴ እንደ መጋረጃ ሰቅዬ ከኋላው ተደበቅኩ። ለእቴነሽ እንኳን እምነቴን አከበርኩ ብዬ ነበር የነገርኳት፤ እሷም አመሰገነችኝ።

ጥልቀቱ ይኸውልህ።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ወጣሁ። ኩብራ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን የምትሸጠው ረዲያ ናት። ለነገ ጠዋት ጥሩ እንድታስቀምጥልኝ ስነግራት ሳቀችብኝ፤ ጋሼ ደገፋ በዚህ ዕድሜህ ጀመርክ ወይ ብላ ጎረቤቶቿን ጠራቻቸው። ለጉዳይ ነው አልኳት። ሳቋን ወዲያው አቆመች። ከማለዳው የሚመጣውን ራሷ መርጣ በሙዝ ቅጠል እንደምትጠቀልልልኝ ነገረችኝ፤ የማን ጉዳይ እንደሆነም አልጠየቀችኝም።

ነገ ቅዳሜ ሚኤሶ እወርዳለሁ። ያኔ የመለስኩትን ጉዳይ እንድትሰጠኝ ልለምናት ጫቱን ኩብራ ፊት በሁለት እጄ እዘረጋለሁ። እጇን ወደ ኋላዋ ብታደርግ መብቷ ነው፤ ከእኔው የተማረችው ነው። ጣሂራ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ማትሪክ በግል ተመዝግቦ መፈተን ይቻላል፣ የሚያስፈልጋትን ወረቀት ሁሉ እኔ ተመላልሼ አወጣለሁ፣ ፋይሏ ላይ የጻፍከውን የሚሰርዝ ሰው እስካገኝ ድረስ በየቢሮው ደጅ እጠናለሁ። ጉዳዩን ተቀብያለሁ፤ አሥር ዓመት ዘግይቼ። ትፈልገው አትፈልገው እንደሆነ ግን አላውቅም፤ እሷን መጠየቅ ነው።

ያንተን ምስክርነት በተመለከተ፣ ጽፌዋለሁ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ነው። ሰኞ ለኮሚቴው ይደርሳል፤ ያንተም የእኔም ስም አለበት፣ ሳቅህንም አልቀነስኩብህም። ከሥራ ቢያባርሩኝ ባንተ ሰበብ ነው ብዬ አልመጣብህም፣ አንተም እንዳትመጣብኝ። ሁለተኛ ገጽህ ላይ ስለ ራስህ የጻፍከውን፣ እንደ ወንድም የምስቅ ሰው ነበርኩ ያልከውን፣ እንደ ድሮህ ጥግ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ጥልቀት የለውም ጓድ።

መንገዱ ከናዝሬት ሚኤሶ ድረስ አስፋልት ነው። ጣሂራ ቀኑን ሙሉ እዚያው ሸራዋ ሥር ናት፤ እስክትጨርስ ድረስ አታቋርጥህም።

«ታኢ» እስክባል ድረስ እንደቆምኩ ያለሁት፣
ደገፋ